የአካባቢ ታሪክን በፈጠራ የሚያስተምሩ መምህርን ለሽልማት እንዴት መጠቆም ይቻላል?

በአሜሪካ የምንኖር ብዙ ወላጆች መምህርን ለሽልማት መጠቆም የርእሰ መምህራን ሥራ ብቻ ይመስለናል። ጊልደር ለርማን የተባለው የአሜሪካ ታሪክ ተቋም ከ2004 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚሰጠው የዓመቱ የታሪክ መምህር ሽልማት ግን ከወላጅ፣ ከተማሪና ከሥራ ባልደረባም ጥቆማ ይቀበላል። በየስቴቱ የሚመረጠው መምህር 1,000 ዶላር፣ ከእነርሱ መካከል በአገር አቀፍ ደረጃ የሚመረጠው ደግሞ 10,000 ዶላር ያገኛል። የስቴትና የአካባቢ ታሪክ የአሜሪካ ታሪክ አካል ሆኖ ስለሚቆጠር፣ የአንዲት ከተማን ታሪክ በጥልቀት ያስተማሩ መምህርም ለውድድሩ ይበቃሉ።

በመጀመሪያ መምህሩን ያነጋግሩ። የሥራ ልምድ መግለጫውን፣ የድጋፍ ደብዳቤውንና የትምህርቱን ናሙና አሟልተው የሚያቀርቡት መምህሩ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ሳያውቁት የሚደርሳቸው ጥቆማ ሸክም ሊሆንባቸው ይችላል። መስፈርቱንና ቀነ ገደቡን ከዚያው ዓመት ማስታወቂያ ላይ ይመልከቱ።

ቀጥሎ የሚመጣው አንድ ትምህርት መርጦ መግለጽ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የልጄን የ4ኛ ክፍል መምህርት ለአንድ ሽልማት ስጠቁም ሁለት ገጽ ሙሉ ምስጋና ጻፍኩ። ትጉህ እንደሆኑ፣ ልጆቹን እንደሚወዱ፣ ልጆቹም እንደሚወዷቸው ዘረዘርኩ። አልተመረጡም። ደብዳቤውን ከወራት በኋላ መልሼ ሳነበው፣ የእርሳቸውን ስም አውጥቶ የሌላ መምህር ስም ቢገባበት አንድም ቃል መቀየር እንደማያስፈልግ ተረዳሁ። ያን ሁሉ ሥራ ሠርተው ሳለ በደብዳቤዬ ውስጥ ሥራቸው አልነበረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መጻፍ የነበረብኝ በቨርጂኒያ ስቴት ስለምትገኘው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ያስተማሩት ትምህርት ነበር። በቨርጂኒያ የስቴቱ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በ4ኛ ክፍል ነው። ነሐሴ 21 ቀን 1939፣ ጠበቃው ሳሙኤል ታከር ባዘጋጁት ዕቅድ መሠረት፣ አምስት ጥቁር ወጣቶች በየተራ ወደ ከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ገብተው የአባልነት ካርድ ጠየቁ። ሲከለከሉ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አነሡ፤ በተለያዩ ጠረጴዛዎች ተቀምጠውም ድምፅ ሳያሰሙ ሲያነቡ ፖሊስ ወሰዳቸው። በ1940 ከተማዋ ለጥቁሮች የተለየ ቤተ መጻሕፍት አቋቋመች፤ ታከር ግን የዚያን ካርድ እንደማይቀበሉ በደብዳቤ አስታወቁ። ያ ሕንፃ ዛሬ የከተማዋ የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም አካል ነው።

መምህርቷ ይህንን ታሪክ ከመናገራቸው በፊት አምስቱ ወጣቶች ተይዘው ሲወጡ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ብቻ አደሉና ልጆቹ የሚገምቱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ልጄ በእርሳስ «ጥሩ ልብስ ለብሰዋል፤ ግን አንድ ነገር ሰርቀው ይሆናል» ብላ ጻፈች። ከዚያ የታከርን ደብዳቤ አነበቡ፤ ቦታውንም ሄደው አዩ። በሁለተኛው ሳምንት በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ «አዲስ ቤተ መጻሕፍት ከተሠራላቸው ለምን እምቢ አሉ? እኔ ብሆን እምቢ እላለሁ?» የሚል ጥያቄ ጽፋለች። የዳኞችን ዓይን የሚይዘው በወረቀቱ ፊትና ጀርባ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው መምህሩ ምን ጥያቄ እንዳነሡ፣ ለልጆቹ የትኛውን ሰነድ ወይም ቦታ እንዳሳዩና የልጆቹ አስተሳሰብ በምን እንደተለወጠ በቅደም ተከተል ማሳየት አለበት። ከኢንተርኔት የሚወርዱ ዝግጁ የደብዳቤ ቅጾችን አልመክርም፤ ባዶ ቦታዎቹ የሚሞሉት በምስጋና ነውና። እንግሊዝኛው የሚከብድዎት ከሆነ መጀመሪያ ያዩትን በአማርኛ ይጻፉና ከዚያ ጥሩ እንግሊዝኛ ከሚችል ሰው ጋር ተቀምጠው ይተርጉሙት።

ወረቀቶቹን ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ይሰብስቡ። በሰኔ ወር የልጆች ሥራ በጀርባ ቦርሳ ወደ ቤት ይሄድና በዚያው ይጠፋል፤ እኔም የልጄን ወረቀት ያገኘሁት ጥቆማው ካለፈ በኋላ ከመጽሐፎቿ መካከል ነው። ለስካነር ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ በመስኮት ብርሃን፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ በስልክ የተነሣ ምስል በቂ ነው። የሌሎች ልጆችን ሥራ ከማያያዝዎ በፊት የወላጆቻቸውን ፈቃድ በጽሑፍ ያግኙ፤ ስማቸውንም ይሸፍኑ።

ከላኩ በኋላ የሁሉንም ቅጂ በአንድ ማኅደር አድርገው ለመምህሩ ይስጡ። በዚህ ዓመት ባይመረጡ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚጠቁማቸው ወላጅ ከዚያ ይጀምራል።