ተመሳሳይ የኢኤምዲ ሎኮሞቲቮችን በዓይን መለየት

የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የነበረው ኢኤምዲ በ1972 ማምረት የጀመራቸው የ«ዳሽ 2» ሎኮሞቲቮች (ባቡር የሚጎትቱ ባለ ሞተር ተሽከርካሪዎች) አዲስ ተመልካችን ግራ ያጋባሉ። ጂፒ38-2፣ ጂፒ39-2 እና ጂፒ40-2 ርዝመታቸው አንድ ነው፤ ሦስቱም ባለ አራት አክስል (የጎማ ዘንግ) ናቸው። በቀለምና በቁጥር አይፍረዱ፤ ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ይለወጣሉ። ጣሪያውን ይዩ።

ከተቻለ ከድልድይ ላይ ሆነው፣ ከጋቢናው በስተኋላ ያለውን ረጅም ኮፈን እስከ ጫፉ ይከተሉ። እዚያ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዙ፣ ወርዳቸው 48 ኢንች (1.2 ሜትር ገደማ) የሆነ ክብ ማራገቢያዎች ተደርድረዋል። ሦስት ከሆኑ ጂፒ40-2 ነው፤ 3,000 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ብዙ ሙቀት ማስወጣት አለበት። ሁለት ከሆኑ ጂፒ38-2 ወይም ጂፒ39-2 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኮፈኑ መካከል፣ ጎኑ ወጣ ባለበት ቦታ ያለውን የዳይናሚክ ፍሬን (በኤሌክትሪክ ሞተሮቹ የሚያዘገየው ፍሬን) ማራገቢያ አብሮ ሲቆጥር ነው። እሱ አይቆጠርም።

ሁለቱን የሚለያቸው የጭስ ማውጫው ነው። የጂፒ38-2 ባለ 16 ሲሊንደር ሞተር ተርቦ (በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ስለሌለው ጭሱ በሁለት ትናንሽ ማውጫዎች ይወጣል፤ ጉልበቱም 2,000 ነው። የጂፒ39-2 ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ግን ጭሱን በሙሉ በተርቦ ስለሚያሳልፍ ያለው አንድ ሰፊ ማውጫ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ 2,300 ይደርሳል። ሦስት ማራገቢያና ሁለት ማውጫ አብረው ካዩ፣ ተርቦው የተነሳለት የቀድሞ ጂፒ40 ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለውን በፋብሪካ ስሙ ብቻ መመዝገብ ያሳስታል፤ «የታደሰ» ብለው ይጻፉበት።

ከዳሽ 2 በፊት የተሠራውን ጂፒ40 ከጂፒ40-2 ለመለየት ጣሪያው አይረዳም። በኮፈኑ ቀኝ ጎን ትንሽ ሞላላ የውሃ መጠን ማሳያ መስታወት ካለ ዳሽ 2 ነው። ፎቶው የግራ ጎን ከሆነ ጋቢናው አጠገብ ያለውን የባትሪ ሳጥን ይዩ፦ ክዳኑ በብሎን የታሰረ ከሆነ ዳሽ 2፣ በማጠፊያ የሚከፈት ከሆነ የቀድሞው ነው። ክዳን ሊቀየር ስለሚችል ከመስታወቱ ያነሰ ማስረጃ ነው።

ባለ ስድስት አክስሎቹ (ኤስዲ የሚባሉት) ላይ በረንዳው፣ ማለትም ከኮፈኑ ጫፍ ውጭ የሚቀረው ክፍት ወለል፣ ይናገራል። ኤስዲ40 ርዝመቱ 20 ሜትር ገደማ ነው፤ ኤስዲ40-2 ወደ 21 ሜትር ሲያድግ ኮፈኑ እምብዛም ስላልረዘመ ከፊትና ከኋላ ሰፊ ባዶ በረንዳ ቀረ። ኤስዲ45-2 በዚያው ርዝመት ላይ ባለ 20 ሲሊንደር ሞተር ስለተሸከመ በረንዳው ጠባብ ነው፤ የራዲያተር ማራገቢያዎቹም ተራርቀው ተቀምጠዋል። የቀድሞው ኤስዲ45 ራዲያተሩ ከላይ ወደ ውጭ ስለሚዘም ከሩቅ ይታወቃል። ኤስዲ38-2 ደግሞ የኤስዲ40-2 በረንዳ አለው፤ ጣሪያው ላይ ግን ሁለት ማራገቢያና ሁለት ማውጫ ነው ያለው።

በጫፉ ጣሪያ ላይ ማራገቢያ ጨርሶ ካልታየና የአየር ማስገቢያው ዝቅ ብሎ መተላለፊያው ደረጃ ላይ ከሆነ፣ ያ ለሳውዘርን ፓሲፊክና ለሪዮ ግራንዴ የባቡር ኩባንያዎች የተሠራው የዋሻ ዓይነት ነው፤ ኤስዲ40ቲ-2 ወይም ኤስዲ45ቲ-2። በዋሻ ውስጥ ትኩስ ጭስ ከላይ ስለሚከማች አየሩን ከታች ይስባል።

በረንዳ ለመለካት ከፊት የተነሳ የቴሌፎቶ ፎቶ አይጠቅምም፤ ርቀቱን ስለሚያሳጥር ኤስዲ40-2ን ኤስዲ45-2 ያስመስለዋል። ቀጥ ብለው ከጎን ያንሱ።