ከማራቶን ወደ ኮምሬድስ፦ አማተር ሯጭ 90 ኪሎ ሜትርን እንዴት ይጨርሳል?

ለጤናው ብሎ ሶምሶማ የጀመረ፣ በታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር የሮጠ፣ ቀጥሎም ግማሽ ማራቶን ሞክሮ በመጨረሻ ሙሉ ማራቶን ያጠናቀቀ ሰው ብዙም ሳይቆይ «ከዚህ በላይስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በአፍሪካ ምድር ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች ትልቁ፣ በደቡብ አፍሪካ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ ከተሞች መካከል በየዓመቱ በጁን ወር የሚካሄደው የኮምሬድስ ውድድር ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሥራና ቤተሰብ እያላቸው ለሚሮጡ፣ ዓላማቸውም ከአሸናፊዎቹ ጋር መፎካከር ሳይሆን ሰዓቱ ሳይዘጋ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ ለሆነ ሰዎች ነው። ልምምዱን የምገልጸው አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ለሚዘጋጅ ሯጭ ቢሆንም፣ ዋናው ሐሳብ በሌላ ከተማ ለሚኖርም ይሠራል።

ውድድሩን የመሠረተው ቪክ ክላፋም የተባለ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ የባቡር ነጂ ሲሆን፣ ሐሳቡም በጦርነቱ የወደቁ ጓዶቹን መዘከር ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1921 በተካሄደው የመጀመሪያ ውድድር 34 ሰዎች ተነሥተው 16ቱ ብቻ ጨረሱ፤ አንደኛ የወጣው ቢል ሮዋን የፈጀበት 8 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው። ጥቁሮችና ሴቶች በይፋ እንዲመዘገቡ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ሮበርት ምትሻሊ ግን ከዚያ 40 ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ሳይመዘገብ ሮጦ በ9 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ጨርሷል፤ ዛሬ በ9 እና በ10 ሰዓት መካከል ለሚገቡ ሯጮች የሚሰጠው ሜዳሊያ በእርሱ ስም ተሰይሟል። በ11 እና በ12 ሰዓት መካከል የሚገቡት ደግሞ በመሥራቹ በክላፋም ስም የተሰየመውን ይወስዳሉ። የአማተር ሯጮች ልብ ያለው በእነዚህ ሜዳሊያዎች ላይ ነው።

አቅጣጫው በአብዛኛው በየዓመቱ ይቀያየራል። አንድ ዓመት ከደርባን የባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ፒተርማሪትዝበርግ፣ በሌላው ዓመት ከዚያው ቁልቁል ወደ ደርባን ይሮጣል። ርቀቱም በመስመሩ ለውጥ ምክንያት ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ በግምት ከ86 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለመጨረስ የሚፈቀደው 12 ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ሰዓቱ ሲሞላ አንድ የውድድሩ ኃላፊ ጀርባውን ለሯጮቹ ሰጥቶ ሽጉጥ ይተኩሳል። በዚያች ቅጽበት መስመሩን አንድ እርምጃ ያላለፈ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ሮጦ የመጣ ቢሆንም፣ እንደ ጨራሽ አይቆጠርም። ስለዚህ ስሌቱን ገና ከቤት ሳይወጡ ይያዙት፤ 90 ኪሎ ሜትር በ12 ሰዓት ማለት በአማካይ በኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ነው፤ ይህም የእግር ጉዞውን፣ የውሃ መጠጫውንና የመጸዳጃውን ጊዜ ሁሉ ይጨምራል። በቀዘቀዘ አየር ለ10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ይህ ፍጥነት ማንንም አያስጨንቅም። ከ70 ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ከሰው አቅም በላይ የሚመስልበት ጊዜ ይመጣል።

ለመሳተፍ አስቀድሞ ማራቶን በተወሰነ ሰዓት ውስጥ መጨረስን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። በቅርብ ዓመታት የተጠየቀው 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ ማለትም በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ሆኖም ደንቡ ሊሻሻል ስለሚችል ከመመዝገብዎ በፊት የዓመቱን መመሪያ ያንብቡ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ለዚህ ማጣሪያ ቅርብ አማራጮች አሏቸው። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉት በኦክቶበር መጨረሻ የሚደረገውንና ለአሸናፊ የገንዘብ ሽልማት የሌለውን የማሪን ኮርፕስ ማራቶንን፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉት ሜዳማውን የዱባይ ማራቶንን ሊመርጡ ይችላሉ። የኢየሩሳሌም ማራቶን ዳገታማ ስለሆነ ሰዓት ለማስመዝገብ አይመችም፤ ለኮምሬድስ እግርን ለማሠልጠን ግን ከሌሎቹ ይሻላል።

የማጣሪያው ማራቶን ከሰዓቱ በላይ የሚያስተምረው ነገር አለ። ሰውነት በጡንቻና በጉበት ያከማቸው ስኳር በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ መመናመን ይጀምራል፤ በተለይ መጀመሪያው ላይ የፈጠነና መንገድ ላይ ምንም ያልበላ ሰው በዚያች ሰዓት ጉልበቱ ይከዳዋል። ብዙዎች ይህን የልምምድ ማነስ አድርገው ይወስዱታል፤ በእኔ ግምት ግን ከአሥር ሯጭ የሚበዙት የሚወድቁት በመጀመሪያዎቹ 15 ኪሎ ሜትሮች በሚያባክኑት ጉልበት ነው። ስለዚህ የማጣሪያውን ማራቶን ሁለተኛውን ግማሽ ከመጀመሪያው በማይበልጥ ሰዓት ለመጨረስ አቅደው ይሩጡት። ይህን በ42 ኪሎ ሜትር ላይ ያልቻለ ሰው በ90 ኪሎ ሜትር ላይ እንደማይችለው እርግጠኛ ይሁኑ።

ዋናው ልምምድ ከጃንዋሪ ጀምሮ አምስት ወር ያህል ይወስዳል። በሳምንት ከአራት እስከ አምስት ቀን መሮጥ፣ ርቀቱን ቀስ በቀስ እያሳደጉ በኤፕሪልና በሜይ በሳምንት ከ55 እስከ 70 ኪሎ ሜትር መድረስ ለመጨረስ በቂ ነው። አገራችን የታላላቅ አትሌቶች አገር በመሆኗ አማተሩም የእነርሱን ልምምድ ሊኮርጅ ይቃጣዋል፤ በሱሉልታ ወይም በሰንዳፋ መንገድ ላይ ከሚያልፉት ቡድኖች ኋላ ተከትሎ የሮጠ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ነገር ግን እነርሱ ከጠዋቱ ልምምድ በኋላ የሚተኙ፣ ሥራቸው ሩጫ የሆነ ሰዎች ናቸው፤ እርስዎ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ሱቅ ይሄዳሉ። አብዛኛው ሩጫዎ አጠገብዎ ካለ ጓደኛ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ ሊሮጡት በሚችሉት ፍጥነት ይሁን። በእንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚደርሱ በኪሎ ሜትር የሚወስድብዎ ደቂቃ ቢበዛ አይደንግጡ። በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሩጫ ያድርጉ፤ ከ25 ተነሥቶ 35 ይድረስ፤ ከውድድሩ አምስት ወይም ስድስት ሳምንት በፊትም አንድ ጊዜ ብቻ 50 ኪሎ ሜትር ይሩጡ። ከዚያ በኋላ መጠኑን መቀነስ እንጂ መጨመር አይገባም። ገና ሳይነጋ ከሆነ የሚወጡት በቡድን ይሁን፤ ውሾችና ያለ መብራት የሚከንፉ መኪኖች ከድካሙ የበለጠ ያሰጋሉ።

በረጅሙ ሩጫ ላይ ከሁሉ አስቀድመው መልመድ ያለብዎ፣ ሊገርምዎ ይችላል፣ በእግር መሄድን ነው። የኮምሬድስን ዳገቶች ከዳር እስከ ዳር የሚሮጥ አማተር ጥቂት ነው። የሚያዋጣው ገና ጉልበት ሳለ፣ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ፣ ለምሳሌ 9 ደቂቃ ሮጦ 1 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ደክሞት መራመድ የጀመረ ሰው ወደ ሩጫው መመለስ ይከብደዋል፤ አቅዶ የተራመደ ግን ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ሌሎች ሲያልፉዎት መታገሥ ከባድ ቢሆንም፣ ከቀትር በኋላ ብዙዎቹን መንገድ ዳር ተቀምጠው ያገኟቸዋል።

ቁልቁለቱ የራሱ ዝግጅት ይሻል። ወደ ታች ሲሮጡ የጭን የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ስለሚገታ፣ በዳገት ላይ ከሚደርስበት የበለጠ ጉዳት ይደርስበታል፤ ሕመሙም የሚብሰው በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ነው። ለዚህ አዲስ አበባ የታደለች ናት። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው አስፓልት፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ወጥቶ እስከ ባህል ልብስ ሱቆቹ ድረስ፣ ለቁልቁለት ልምምድ እጅግ የሚመች ነው። እርምጃዎን አሳጥረው፣ እግርዎን ከወገብዎ በታች እንጂ ከፊትዎ ርቆ ሳይሆን እያሳረፉ ይውረዱ፤ ተረከዝዎ መንገዱን ሲደበድብ ከተሰማዎ እርምጃዎ ረዝሟል ማለት ነው። መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ይበቃል፤ በአሥር ቀን አንዴ ርዝመቱን ይጨምሩ፤ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ያቁሙ። ቁልቁል በሚሮጥበት ዓመት ከደርባን በፊት ፊልድስ ሂል የሚባለውና ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ቁልቁለት የሚመጣው እግር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ከሮጠ በኋላ ስለሆነ፣ ይህን ልምምድ የዘለለ ሰው እዚያ ላይ ዋጋውን ይከፍላል።

የእኛን ሯጮች በተለየ የሚመለከተው ጉዳይ ጾም ነው። ልምምዱ የሚከብድባቸው ሳምንታት በአብዛኛው ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማሉ። ጾሙን ሳይፈቱ መዘጋጀት ይቻላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። ከቀዳም ሥዑር በስተቀር ቅዳሜና እሑድ እስከ ሰዓት መጾም ስለሌለ፣ ረጅሙን ሩጫ ከእነዚህ ቀናት በአንዱ፣ በተለይ ቅዳሴን ለማይነካው ለቅዳሜ ጠዋት ማድረግ ይበጃል። በሥራ ቀናት የሚደረገው ሩጫ አጭርና ቀላል ሆኖ፣ የሚቻል ከሆነ ከመግደፊያው ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን ከሩጫው እንደተመለሱ ወዲያው መብላት ይችላሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሱፍ ጡንቻን ለመጠገን የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ መጠኑን ግን ከወትሮው ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በረመዳን የሚጾሙ ሯጮች ደግሞ ከኢፍጣር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ሶምሶማ ሮጠው፣ ረጅሙን ሩጫ በዚያ ወር ቢያሳጥሩት ይሻላል፤ ውሃ ሳይጠጡ 30 ኪሎ ሜትር መሮጥ ጥቅም የለውም።

በሩጫው ላይ መብላትም እንደ እግር ሁሉ ልምምድ ያስፈልገዋል። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም የሚደርስ ስኳርና ስታርች ያለው ምግብ ያስፈልጋል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል ይሰጣል። ከውጭ የሚመጣው የሯጮች ጄል ውድ ከሆነብዎ፣ ትንሽ ጨውና ስኳር የገባበት ቀጠን ያለ የበሶ ብጥብጥ በጠርሙስ ይዞ መውጣት ተመራጭ ነው፤ ተምርም ለመያዝ ይቀላል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይርብዎ፣ ከተነሡ ከ40 ደቂቃ በኋላ ይውሰዱ። ውሃ ሲጠማዎ ይጠጡ እንጂ በየጣቢያው በግድ አይጠጡ፤ ከመጠን በላይ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አውርዶ ሕይወትን እስከማሳጣት ይደርሳል። ከዚህ ጋር አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ፦ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ከውድድሩ በፊትም ሆነ በመሮጥ ላይ ሳሉ አይውሰዱ። ለብዙ ሰዓት በሚሮጥ፣ ውሃም ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳሉ።

ስለ ትጥቅ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጫማው ከወትሮው ግማሽ ቁጥር የሰፋ፣ በረጅም ሩጫ የተፈተነ ይሁን፤ የእግር ጥፍር ከሦስት ቀን በፊት ይቆረጥ፤ ብብት፣ ጭን መካከልና ጡት ጫፍ ቫዝሊን ይቀባ፤ እግር ውሃ እንዳይቋጥር የጥጥ ካልሲ ይቅር።

በውድድሩ ቀን መነሻው ገና ሳይነጋ ነው። ከሽጉጡ በፊት በድምፅ ማጉያ የዶሮ ጩኸት ይሰማል፤ ይህም ማክስ ትሪምቦርን የተባለ ሯጭ በአንድ ወቅት እንደ አውራ ዶሮ ከጮኸው የተወረሰ ልማድ ነው። ከኋላ ከተሰለፉ የመነሻውን መስመር እስኪያልፉ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ የ12 ሰዓቱ ቆጠራ ግን ከሽጉጡ ይጀምራል። ያንን ጊዜ ለማካካስ ብለው በጨለማው አይፍጠኑ። ውሃው የሚታደለው በትናንሽ የላስቲክ ከረጢት ነው፤ ጥጉን በጥርስ ቀድደው ጨምቀው ይጠጡታል፤ የተረፈውን አንገትዎ ላይ ያፍስሱት። በመንገዱ ዳር የተቀቀለ ድንች በጨው፣ ሙዝና ብርቱካን ያገኛሉ።

በሜዳው ላይ «አውቶቡስ» የሚባሉ ቡድኖች አሉ። ልምድ ያለው አንድ ሯጭ የሚጨርስበትን ሰዓት በባንዲራ ወይም በጀርባው ላይ ጽፎ ይመራል፤ መቼ እንደሚሮጥ፣ መቼ እንደሚራመድ እየተጣራ ይነግራል፤ ተከታዮቹም እየዘመሩ ይሄዳሉ። በ11 ሰዓት ተኩል ወይም በ12 ሰዓት ከሚያስገባው ጋር መሄድ ብቸኝነትንም የስሌት ጭንቀትንም ያቀልላል። ሆኖም መሪው ከእርስዎ ልማድ በላይ የሚፈጥን ከሆነ ይልቀቁት፤ ሌላ ከኋላ ይመጣል።

ሽቅብ በሚሮጥበት ዓመት ካውዚስ፣ ፊልድስ፣ ቦታስ፣ ኢንቻንጋ በሚባሉት ዳገቶች ላይ ጉልበት የቆጠበ ሰው፣ ከመድረሻው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ከሚመጣው ከፖሊ ሾርትስ ዳገት ጋር ይገናኛል። እዚያ ላይ መሮጥ ለአማተር ትርፍ የለውም። ሰዓትዎን ይመልከቱ፣ አንድ ጉርሻ ይዋጡ፣ እጅዎን እያወዛወዙ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ጫፉን ሲያልፉ ቀሪው በአብዛኛው ለሩጫ የሚመች ነው።

ከጨረሱ በኋላ ወዲያው አይቀመጡ፤ አሥር ደቂቃ ይራመዱ፤ ጨው ያለበት ምግብ ይብሉ። ሽንትዎ እንደ ቡና የጠቆረ ከሆነ፣ ወይም ራስ ምታት ከማስመለስና ከመደናገር ጋር ከመጣ፣ በዚያው የሕክምና ድንኳን ይታዩ፤ «ያልፋል» ብለው ወደ ሆቴል አይሂዱ። ለሁለት ሳምንት ያህል መራመድ እንጂ መሮጥ አያስፈልግም። በመጀመሪያ ተሳትፏቸው ጨርሰው በቀጣዩም ዓመት ተመልሰው ለሚጨርሱ አዲስ ሯጮች ሁለቱን ተከታታይ ሩጫዎች የሚያስታውስ ተጨማሪ ሜዳሊያ ይሰጣል፤ ይህ ዕድል የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ምዝገባና ቪዛ ገና እግርዎ ሳያገግም ማሰብ ይኖርብዎታል።