ሕንፃ እየተሸከመ ሙቀት የሚያመላልስ ፓይል፦ ችግርና መፍትሄ

ፓይል መሬት ውስጥ በጥልቀት የሚገባ የኮንክሪት የመሠረት ምሰሶ ነው። እዚህ የምናወራለት በውስጡ ቱቦ ያለው ነው፤ በቱቦው የሚዘዋወረው ፈሳሽ ሕንፃውን ለማሞቅ ከመሬት ሙቀት ይቀዳል፣ ለማቀዝቀዝ ደግሞ ወደ መሬት ይመልሳል።

ምልክት፦ የፓይሉ አናት ሕንፃው ማሞቂያ በሚጠቀምባቸው ወራት ዝቅ፣ ማቀዝቀዣ በሚጠቀምባቸው ወራት ከፍ ይላል።

መንስኤ፦ ሙቀት ሲቀዳበት ኮንክሪቱ ይኮማተራል፤ ሲመለስለት ይረዝማል። 20 ሜትር ፓይል በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ፣ የሚይዘው ባይኖር 2 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። እድገቱ ወደ ላይ ብቻ አይደለም። ከፓይሉ አካል አንድ የማይነቃነቅ ነጥብ አለ፤ ከእሱ በላይ ያለው ወደ ላይ፣ በታች ያለው ወደ ታች ይገፋል። ጫፉ ዐለት ላይ ካረፈ ነጥቡ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ እንቅስቃሴው አብዛኛው አናቱ ላይ ይታያል።

መፍትሄ፦ የከፍታውን ልኬትና የፓይሉን ሙቀት በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሳሉ። አብረው ወጥተው አብረው ከወረዱ መሠረቱን አትንኩ። የሚያሳስበው ሄዶ የማይመለሰው ነው።

ምልክት፦ ልኬቱ በየዓመቱ ወደነበረበት ሳይመለስ ይቀራል።

ብዙውን ጊዜ የሚቀዳውና የሚመለሰው ሙቀት ስላልተመጣጠነ መሬቱ ከዓመት ዓመት እየቀዘቀዘ ወይም እየሞቀ ነው፤ የሥራውን ከፊል ለሌላ የሙቀት ምንጭ አካፍሉ። ከባድ ጫና አይቶ የማያውቅ ለስላሳ ሸክላ ከሆነ ደግሞ ሲሞቅ ይታመቃል፤ የሙቀቱን ጣሪያ ዝቅ አድርጉ። ወደ ፓይሉ የሚገባው ፈሳሽም ከ0 ዲግሪ በታች አይውረድ። በዙሪያው ያለው አፈር በረዶ ከሠራ ያነሳዋል፣ ሲቀልጥ ላልቶ ይለቀዋል።

ምልክት፦ ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበረው መለኪያ የሚያስደነግጥ ኃይል ያሳያል።

መጀመሪያ ሂሳቡን መርምሩ፤ ፓይሉ በነፃነት የረዘመውን እንደ ጫና የቆጠረ ሰው አይታጣም። ስሌቱ ትክክል ከሆነ ግን ቁጥሩን አትናቁት። ጨርሶ እንዳይረዝም የታፈነ ኮንክሪት በየዲግሪው 0.3 ሜጋፓስካል ገደማ ጫና ይጨመርበታል፤ 60 ሴንቲሜትር ውፍረት ላለው ፓይል በ10 ዲግሪ 850 ኪሎኒውተን አካባቢ ኃይል መሆኑ ነው። በተግባር አፈሩ ጥቂት ስለሚለቅለት ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥ በተሞከረ ፓይል ላይ ሙቀቱ የጨመረው ኃይል ሕንፃው ካሳረፈበት በልጦ ነበር። መፍትሄው ፓይሉን በዝግታ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ሳይሆን የሙቀቱን ልዩነት ማጥበብ ነው።

ምልክት፦ የቱቦው ግፊት ይወርዳል።

ፌሮው ላይ የታሰረው ፕላስቲክ ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው የፓይሉ አናት በመዶሻ ሲቆረጥ ነው። ቱቦው ኮንክሪት ሲፈስም አናቱ ሲቆረጥም በግፊት ይቆይ፤ የመለኪያው ቀስት ሲወድቅ በዚያው ሰዓት ታውቃላችሁ። ስብራቱ አናቱ አጠገብ ከሆነ ይቀጠላል። ጥልቅ ከሆነ ያን መስመር ዝጉት፤ ፓይሉ ሕንፃውን መሸከሙን አይተውም። ከጎረቤቶቹ ጋር ግን አብሮ ስለማይረዝም፣ ከፍታውን ለብቻው ለኩ።