የባልሳ አውሮፕላን አገጣጠም፦ ጅራቱ ላይ ሙጫ ቆጥቡ

በሬዲዮ የሚበረውን ትንሽ የባልሳ (በጣም ቀላል እንጨት) አውሮፕላን ሳጥን ከፍታችሁ ወዲያው ሙጫ አታንሱ። በሌዘር የተቆረጡትን ክፍሎች ከሉሁ ላይ በእጅ አትገንጥሉ፤ ሳይቆረጥ የቀረውን ጫፍ በስለታም ምላጭ በጥሱት። ባልሳ በጥፍር እንኳ ይሰረጎዳል።

ጠረጴዛችሁ ዝንፍ የማይል ጠፍጣፋ ይሁን። የመጀመሪያዬን ክንፍ ትንሽ በተጣመመ ጣውላ ላይ ሠራሁትና አውሮፕላኑ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ወደ ግራ ይዞርብኝ ነበር፤ ያ ጥመት ደግሞ ክንፉ ከደረቀ በኋላ በቀላሉ አይቃናም። ፕላኑን (የሥራ ንድፉን ወረቀት) አንጥፉ፣ ሙጫው ወረቀቱን እንዳይዘው ስስ ላስቲክ አልብሱት። ከዚያ ክንፉን ያለ ሙጫ ገጣጥማችሁ በስፒል ያዙት። ሪቦቹ (የክንፉን ቅርጽ የሚሰጡት ስስ አግዳሚዎች) ስፓሩ (ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዘው ዘንግ) ላይ ልክክ ካላሉ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያላችሁ አስተካክሉ እንጂ ክፍተቱን በሙጫ አትሙሉ።

ሁሉም ቀጥ ካለ በኋላ ቀጭኑን ሱፐር ግሉ መጋጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ ብቻ። ራሱ ስንጥቁ ውስጥ ይሰርጋል፣ አታፍስሱት። ጭሱ ዓይን ያቃጥላልና መስኮት ክፈቱ። ሞተሩ የሚታሰርበት ግድግዳ ግን ብዙ ስለሚንገጫገጭ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ይፈልጋል።

አሁን ዋናው ነገር። ጅራቱ ከሚዛኑ ነጥብ (አውሮፕላኑ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያዘነብል ከሚቆምበት ቦታ) ያለው ርቀት የአፍንጫው 3 እጥፍ ከሆነ፣ እዚያ ያባከናችሁት 5 ግራም ሙጫ አፍንጫው ላይ 15 ግራም ያስጨምራችኋል! ስለዚህ ጅራቱ ላይ ሙጫም ቀለምም ቆጥቡ፣ ከባድ የመሰላችሁን እንጨት ወደ ፊት አምጡት።

ክንፍና ጅራቱን ከመለጠፋችሁ በፊት ከጅራቱ መሃል እስከ ሁለቱም የክንፍ ጫፎች በማይለጠጥ ክር ለኩ። እኩል መሆን አለበት። ከኋላም ቆማችሁ እዩት፣ ክንፉና አግድም ጅራቱ ትይዩ ናቸው?

ሽፋኑን (አጽሙ ላይ የሚለበሰውን በሙቀት የሚጣበቅ ስስ ፕላስቲክ) በካውያ ስትለጥፉ መጀመሪያ ጠርዙን ያዙ፣ መሃሉን በኋላ አወጣጥሩ፣ ላይና ታቹን እያፈራረቃችሁ። አንዱን ወገን ብቻ ካሞቃችሁት ስስ የሆነው ጅራት ወዲያው ይቆለመማል።

ሰርቮዎቹን (መቅዘፊያዎቹን የሚያንቀሳቅሱ ትናንሽ ሞተሮች) ስትሞክሩ ፕሮፔለሩ ይነቀል፤ ይሄ ለድርድር አይቀርብም። ሚዛኑን ባትሪው ገብቶ ለኩ፣ ነጥቡን መመሪያው ላይ ታገኙታላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ከስፋቱ ሩብ እስከ ሲሶ ድረስ ነው። ካልመጣላችሁ ክብደት እንዲሆን የእርሳስ ብረት ከመጨመር በፊት ባትሪውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ግፉት። ለመጀመሪያው በረራ አፍንጫው ትንሽ ቢከብድ ይሻላል፤ ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን ግን ከእጅ ይወጣል።

በመጨረሻ ከአውሮፕላኑ ኋላ ቁሙ። የሬዲዮውን ስቲክ ወደ ቀኝ ስትገፉ የቀኙ ኤለሮን (ከክንፉ ኋላ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ ይነሳል፣ የግራው ይወርዳል። ወደ እናንተ ስትስቡት ኤሌቬተሩ (የአግድም ጅራቱ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ። ከተገለበጠ ሬዲዮው ላይ አቅጣጫውን ቀይሩና እንደገና ሞክሩ።