ሞተሪኖ ሲያስቸግር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መኪናው ቶዮታም ቢሆን ዕድሜ ከጠገበ አንድ ቀን ሞተሪኖው፣ ማለትም ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ፣ ማስቸገሩ አይቀርም። ያኔ «ላሠራው ወይስ ልቀይረው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሞተሪኖው ተፈትቶ ውስጡ ሳይታይ ግን ማንም መልስ ሊሰጣችሁ አይችልም።

ባትሪውን ሳይለኩ ሞተሪኖ ማስፈታት። ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይሄ ነው። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ከደጋገመ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ። ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሊያስነሳ ሲሞክር ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ባትሪው ደህና ከሆነ ደግሞ ገመዶቹን እዩ። ጫፉ ዝጎ ወይም ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድ ላልቶ ይሆናል። በሽቦ ብሩሽና በአንድ ቁልፍ የሚያልቅ ሥራ ስንት ደህና ሞተሪኖ አስጥሏል!

አንዴ «ቀጭ» ብሎ ዝም ሲል ሙሉውን መቀየር። ባትሪው ጠንካራ ሆኖ እንዲህ ካደረገ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ባለው፣ ዴንሶ የሚባለው ኩባንያ በሚሠራው ሞተሪኖ ውስጥ ሁለት ትናንሽ የመዳብ ኮንታክቶች አሉ። መኪናው በተነሳ ቁጥር ብልጭታ ይበላቸዋል፤ አንዱ ሲያልቅ ሞተሪኖውን የሚያዞረው ኃይል አያልፍም። እነሱን የማስቀየሪያው ዋጋ ከሙሉ ሞተሪኖ ጋር አይወዳደርም። ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሳልፈው ካርቦንም እንደዚሁ አላቂ ዕቃ ነው። በኔ እምነት ኦሪጅናሉ እጁ ላይ ያለ ሰው ማሳደሱ ይሻለዋል። ካርቶን ውስጥ የመጣ ኮፒ አዲስ ስለሆነ ብቻ አይበልጠውም።

ካርቦን ብቻ ቀይሮ መዝጋት። ካርቦኑ የሚያርፍበት መዳብ ከተቦረቦረ አዲሱን ቶሎ ይጨርሰዋል። ዘንጉን ደግፎ የሚያዞረው ኩሽኔታ ወይም ቡሽ ካረጀ ደግሞ መሀል ላይ የሚዞረው አርማቹር ጎኑን መፈተግ ይጀምራል። ከተፈታ አይቀር ሁሉም ይታይ። መኪናው ላይ ከመመለሱ በፊትም በባትሪ ሲሞከር ቆማችሁ እዩ።

በሌላ በኩል ያበቃለትን ማስታመምም አለ። የአርማቹሩ ሽቦ ተቃጥሎ ከሸተተ ወይም አካሉ ከተሰነጠቀ ቀይሩት። «ሽቦውን በአዲስ አስጠቅልልልሃለሁ» የሚል አይጠፋም፤ ለትንሽ መኪና ግን ደህና ያገለገለ ኦሪጅናል መግዛት ይቀላል።

የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሲኬድ ባዶ እጅን መሄድም ስህተት ነው። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የጥርሶቹን ብዛት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ቦታ፣ የተጻፈበትን ቮልትና ኪሎዋት አንድ በአንድ አመሳክሩ። የመኪናው ስም አንድ መሆኑ አይበቃም፤ የማንዋሉና የአውቶማቲኩ ሊለያይ ይችላል። ሲነሳ ይንቋረር የነበረ መኪና ከሆነ የፍላይዊሉ (ሞተሪኖው የሚያዞረው የሞተሩ ትልቅ ጎማ) ጥርስም ይታይ፤ እሱ ከተበላ አዲሱንም ይበላዋል።

በመዶሻ መምታት ለዛሬ ያስነሳ ይሆናል። ማግኔት ያላቸው ሞተሪኖዎች ግን ውስጣቸው ሊሰነጠቅ ይችላል። ቁልፉንም ከ10 ሰከንድ በላይ ይዛችሁ አትቆዩ፤ ሞተሪኖው ይግላል፣ ትንሽ ይረፍ።

ራሳችሁ የምትፈቱ ከሆነ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ፊውዝ የለውም፤ ቁልፉ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ አለው። መፍቻው ገመዱንና ቦዲውን አንድ ላይ ከነካ እጅ ያቃጥላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።