አያቴን ፈረንጅ ያደረግኩበት የእርሳስ ሥዕል

ባለፈው ዓመት አክስቴ የአያቴን ጉርድ ፎቶ በፖስታ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል፣ ትከሻዋ ላይ የማህተም ጥግ አርፏል። «በእርሳስ የተሳለ አስመስለህ ሥራልኝ፤ ሳሎን እሰቅለዋለሁ» አለችኝ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ አልፈጀም። ሳሳያት ግን ትንሽ ዝም አለችና «እናቴን ፈረንጅ አደረግካት እኮ!» አለች።

እውነቷን ነው። ጠይሟ አያቴ እንደ ወረቀት ነጥታለች። አሠራሩን ዩቲዩብ ላይ እንደ ልብ ታገኙታላችሁ፤ እኔ ያየኋቸው ቪዲዮዎች ግን የፊት ቀለም የት እንደሚጠፋ አይናገሩም።

መጀመሪያ ፎቶውን አዘጋጁ። ስካነር ካለ ጉርድ ፎቶን በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ስካን አድርጉ። 3 በ4 ሴንቲሜትር የሆነው ወደ 1400 በ1900 ፒክሰል ይወጣዋል፣ ይበቃል። ዘመድ በቴሌግራም የሚልክላችሁ ከሆነ «እንደ ፋይል ላከው» በሉት። እንደ ፎቶ ከላከው ይጨመቅና ኋላ ፊቱ ላይ ሽፍታ የመሰለ ነገር ይወጣል። ጭረትና ማህተሙን አስቀድማችሁ በሂሊንግ ብሩሽ (እንከንን በዙሪያው ባለው ምስል በሚሸፍነው መሣሪያ) አጽዱ። ይሄ ዘዴ ጥቁር መስመር ይወዳል፤ የተዋችሁት ጭረት ጠባሳ ሆኖ ይመጣል።

እኔ የምሠራው በፎቶሾፕ ነው። ለሌለው ጊምፕ በነፃ ይወርዳል፣ ፎቶፒ ደግሞ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል። መንገዱ አንድ ነው፤ ጊምፕ ላይ ግን አቋራጭ ቁልፎቹ ይለያያሉ፣ ትእዛዞቹን ከሜኑ ፈልጉ።

ኮንትሮል ጄ ብላችሁ ሌየሩን (ፎቶው ያረፈበትን ንጣፍ፣ ሌላ ንጣፍ በላዩ ይደረባል) ኮፒ አድርጉ፤ ዋናውን አትንኩት። ኮፒውን በኮንትሮል ሺፍት ዩ ግራጫ አድርጉት። ግራጫውን እንደገና ኮፒ አድርጉና ኮንትሮል አይ በሉ፤ እንደ ፊልም ኔጋቲቭ ይገለበጣል። ከሌየሮቹ ዝርዝር በላይ «ኖርማል» የሚለውን ሞድ (ሌየሩ ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) ከፍታችሁ «ከለር ዶጅ» ምረጡ። ጊምፕ ላይ «ዶጅ» ብቻ ነው የሚለው። ስሙ ከድሮ ፎቶ አጣቢዎች የመጣ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በእጃቸው እየከለሉ የፈለጉትን ቦታ ያፈኩ ነበር።

አሁን ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። አትደንግጡ፣ ምንም አልጠፋም። ፊልተር፣ ብለር፣ ጋውሲያን ብለር (ማደብዘዣው) ግቡና ሬዲየሱን፣ ማለትም የማደብዘዙን መጠን፣ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። መስመሮቹ ከነጩ ውስጥ ብቅ ብቅ ይላሉ፤ እኔ እስከ ዛሬ ይሄን ሳይ ደስ ይለኛል። 4 ላይ እንደ ሹል እርሳስ ቀጭን ነው። 12 አካባቢ ጥላ መያዝ ይጀምራል። 40 ካለፈ እርሳስነቱ ቀርቶ የደበዘዘ ፎቶ ይሆናል። ለአያቴ 9 ወሰድኩ። ምስሉ ትልቅ ከሆነ ቁጥሩም ያድጋል።

አያቴ የነጣችው እዚህ ላይ ነው። ዘዴው እያንዳንዱን ነጥብ ከጎረቤቱ ጋር ያስተያያል፤ ከአካባቢው የጠቆረው ብቻ ይቀራል፣ ሌላው ይነጣል። ቅንድብ ከግንባር ስለሚጠቁር ይተርፋል። ሹሩባዋም ጉንጉኑ እየተቆጠረ ወጣ፣ የነጠላዋ ጥለትም እንደዚያው። ጉንጭ ግን ዙሪያው ሁሉ ጉንጭ ነው። ጠይም ይሁን ቀይ ለኮምፒውተሩ ያው ነው፣ ያነጣዋል።

የሚመለሰው እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ግራጫ ሌየር አንድ ጊዜ ኮፒ አድርጋችሁ ከሁሉም በላይ ውሰዱት። ሞዱን ከሥሩ ያለውን የሚያጠቁረው «መልቲፕላይ» አድርጉ፣ ኦፓሲቲውን (ሌየሩ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ) ወደ 30 በመቶ አውርዱ። 15 ላይ ገና የታመመች ትመስላለች፣ 60 ላይ ተመልሶ ፎቶ ነው። ከዚያ ለስላሳ ኢሬዘር ይዛችሁ ከዚሁ ሌየር ላይ ከጀርባዋ ያለውን፣ የዓይኗን ነጭና ጉንጯ ላይ ብርሃን ያረፈበትን ጥረጉ። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ፊቷ ብቻ ይጠይማል።

አንድ ችግር ቀረኝ። ነጭ ነጠላ ከነጭ መጋረጃ ፊት ስለሆነ አንዱ ትከሻዋ የለም። አዲስ ሌየር ከፍቼ በ3 ፒክሰል ብሩሽ ራሴው ሳልኩት። ቀለሙ ጥቁር አይሁን፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ይሁን፤ እርሳስ ጥቁር አይደለም። በማውስ ነውና እጄ ተንቀጠቀጠ። ያ መንቀጥቀጥ ከሥዕሉ ሁሉ የበለጠ የሰው እጅ ይመስላል፣ ተውኩት።

ስታሳትሙ የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት እንዳይሰጧችሁ፤ ማት በሉ። ፋይሉንም ሌየሮቹን ሳታዋህዱ በፒኤስዲ (ሌየሮቹን በሚጠብቀው የፎቶሾፕ ፋይል) አስቀምጡት። አክስቴ ኦፓሲቲው 35 ሲደርስ «አሁን እናቴ ናት» ብላ ወሰደችው። በሳምንቱ አጎቴ ደወለ፤ ለእሱም አንድ ይፈልጋል፣ ግን «ትንሽ ጠቁራለች» አለ። ወደ 30 አወረድኩለት።