ቢንቢዋ የምትፈለፈለው እኛው ግቢ ነው፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ «ይኼ ሁሉ ቢንቢ ከየት ነው የሚመጣው?» ብትሉ መልሱ ጣና ነው። ፍኖተ ሰላም ብትጠይቁ ላህ ወንዝን ያሳዩአችኋል። ሐይቁም ወንዙም ድርሻ አላቸው፣ አልክድም። ግን ሌሊት ጆሯችን ሥር የምትጮኸው ቢንቢ ብዙ ጊዜ የመጣችው ከቅርብ ነው። ከጓሮው በርሚል፣ አጥር ጥግ ከተጣለው አሮጌ ጎማ፣ ለምርጊት ተብሎ ተቆፍሮ ከተረሳው ጉድጓድ። ውሃውን በየሳምንቱ ካየነው ማታ የምናሳድዳት ቢንቢ በጣም ትቀንሳለች። ይህን የማያደርጉ ቤቶችን ብዙ አይቻለሁ፣ የኛም ቤት አንዱ ነበር። ስህተቶቹን እንዳየኋቸው ልንገራችሁ።

የምትበረውን ብቻ ማሳደድ

ሲመሽ ፍሊት ይነፋል፣ ወይራ ይጨሳል፣ ልጆች በእጃቸው እያጨበጨቡ ያሳድዳሉ። ጭሱ ለጊዜው ያሸሻታል፣ ጓሮ ያለውን ልጆቿን ግን አይነካም። አንዷ ቢንቢ በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 200 እንቁላል ውሃ ላይ ትጥላለች። እንቁላሉ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይፈለፈልና እጭ ይሆናል፣ እጩ ውሃው ውስጥ እየበላ ያድጋል፣ ከዚያ ቅርጹን ቀይሮ ክንፍ ያወጣል። ሙቀት ባለበት ወቅት ይህ ሁሉ ከ7 እስከ 14 ቀን ይበቃዋል። በእነዚህ ቀናት እጩ የትም መሄድ አይችልም። ውሃውን ደረቅና ፀሐይ ያለበት መሬት ላይ ከደፋችሁት አለቀለት፣ ፍሊትም አያስፈልግም። ክንፍ ካወጣች በኋላ ግን በየክፍሉ፣ በየአልጋው ሥር፣ በየልብሱ መሃል መፈለግ ነው።

«ውሃው እኮ ንጹሕ ነው» ማለት

ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ጋ ነው። ወባ ከቆሻሻ ይመጣል ስለተባልን ጥቁር ውሃ ያለበትን ቦይ እንጠርግና የጠራውን ውሃ ሳናየው እናልፋለን። በአገራችን ዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ የምትባለው ናት። እሷ የምትወደው ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ገና የተጠራቀመ ውሃ ነው። የበሬ ኮቴ ጭቃ ላይ ያስቀረው ጉድጓድ እንኳ ይበቃታል። የሽንት ቤቱንና የቦዩን ቆሻሻ ውሃ የምትወደው ኩሌክስ የምትባል ሌላ ዓይነት ናት። እሷ እንቅልፍ ትነሳለች እንጂ ወባ አታስተላልፍም።

አምና መስከረም ላይ እናቴ ቤት ከበርሚሉ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ሳደርገው የክር ቁራጭ የሚመስሉ ነገሮች እየተጥመለመሉ ወደ ታች ወረዱ። ትንሽ ቆይተው ተመለሱና ጭራቸውን ከውሃው ፊት አስጠግተው ቁልቁል ተንጠለጠሉ። «እማ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት። «የውሃ ትል ነው ልጄ፣ ምንም አያደርግ። እኔ በነጠላ አጥልዬ ነው የምጠቀመው» አለችኝ። አጥልላ ትሉን የምትደፋው ደግሞ ጓሮ ያለው ገንዳ ውስጥ ነበር።

እንደዚያ ቁልቁል የሚንጠለጠለው የኩሌክስ ወይም ኤዲስ የምትባል የሌላ ዓይነት ቢንቢ እጭ ነው። የወባዋ እጭ ከውሃው ፊት ጋር እኩል ጋደም ብሎ ነው የሚታየው። ሁለቱም መደፋት አለባቸው፣ ጋደም ያለውን ካያችሁ ግን ለጤና ኤክስቴንሽኗ ንገሯት። በርሚልና ሮቶ ውስጥ መራባት የምትወድ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ቢንቢ አገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት እሷ ናት። ስለዚህ «በርሚል ውስጥ ያለው የወባ አይደለም» የሚለው የድሮ መጽናኛ ከእንግዲህ አያስተማምንም።

በርሚሉን ደፍቶ ሳይፈትጉ መሙላት

እሺ ደፋችሁት። ወዲያው መልሳችሁ ከሞላችሁት ግን ሥራው ግማሽ ነው። የኤዲስ ቢንቢ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ድሬዳዋን እ.ኤ.አ. በ2013 በዴንጊ ትኩሳት ያመሰቻት ይቺው ዘር ናት። የውስጡን ግድግዳ በቃጫና በሳሙና ፈትጉት፣ በተለይ ውሃው ቆሞ ያሰመረውን መስመር። ጎማና የተሰበረ እንስራም እንደዚያው ነው፣ የማያስፈልግ ከሆነ አስወግዱት፣ የሚያስፈልግ ከሆነ ቆርቆሮ ሥር አስገቡት።

ክዳኑም ነገር አለው። ጠርዙ የተጣመመ ክዳን ለቢንቢ ክፍት በር ነው። ላዩ ላይ ጣል የተደረገ ማዳበሪያ ደግሞ መሃሉ ይረግብና ራሱ ውሃ ይይዛል። ቀጭን ወንፊት ሽቦ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ሻሽ አፉ ላይ ወጥራችሁ ዙሪያውን በጎማ ቁራጭ እሰሩት። ሮቶ ያላችሁ ሰዎች ክዳኑን ብቻ አትዩ፣ ሲሞላ ትርፉ የሚወጣበትን ቱቦም በወንፊት ሸፍኑት። የሽንት ቤት የአየር ማስወጫ ቱቦ ጫፍም ወንፊት ይፈልጋል።

የተቃጠለ ዘይት በየቦታው ማፍሰስ

ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥቶ ኩሬው ላይ መድፋት የተለመደ ነው። እጩ የሚተነፍሰው ከውሃው ፊት ስለሆነ ዘይቱ አፍኖ ይገድለዋል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ያንን ውሃ ጥጃው ይጠጣዋል፣ ዶሮዋም ትጠጣዋለች፣ ቀሪው ሰርጎ ወደ ጉድጓድ ውሃችን ይሄዳል። አፈሩም ለረጅም ጊዜ ይበላሻል። ትንሽ ኩሬ ከሆነ በአካፋ አፈር ሙሉት ወይም ቦይ ቀዳችሁ አፍስሱት። ማዳፈንና ማፋሰስ ዋጋው ጉልበት ብቻ ነው፣ ውጤቱም ከዘይቱ ይበልጣል።

ኬሚካል በግምት መጨመር

ይህኛው ያስፈራኛል። ለሰብል የተገዛ ፀረ-ተባይ ተርፏል ተብሎ በርሚል ውስጥ ጠብ ሲደረግ አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ያ መርዝ ነው፣ ልጅ ይገድላል። ለእጭ ማጥፊያ የተዘጋጀ ኬሚካል አለ። ሰዎቻችን «አቤት» በሚለው የንግድ ስሙ የሚጠሩት ቴሜፎስ አንዱ ነው። የሚጠጣ ውሃ ላይ ሲጨመር በ1 ሊትር ከ1 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ይህ በማንኪያ የሚገመት ነገር አይደለም። ለክቶ የሚሰጠው የጤና ባለሙያ ነው። ቢቲአይ የሚባለው ደግሞ ከባክቴሪያ የተሠራ ነው፣ እጩን ሲገድል ሰውና ከብትን አይጎዳም። ብታገኙት እሱ ይሻላል፣ ግን እሱም ቶሎ ስለሚደክም እየደጋገሙ መጨመርን ይፈልጋል።

የሚጮኸውንና የሚያበራውን መሣሪያ ማመን

ሶኬት ላይ ተሰክቶ በማይሰማ ድምፅ ቢንቢ ያባርራል የሚባለው ዕቃ አይሠራም። 10 የመስክ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያገኙት ይህንኑ ነው፦ መሣሪያው ቢበራም ባይበራም ሰው ላይ የሚያርፈው የቢንቢ ቁጥር ያው ነው። በስልክ የሚጫነው አፕም ከዚህ አይለይም። ሰማያዊ መብራቱ ደግሞ የእሳት ራትና ሌላ ነፍሳት ይፈጃል፣ ቢንቢ ግን እኛን የምታገኘው በዋናነት በትንፋሻችንና በሰውነታችን ጠረን ነው። በዚያ ብር ለበርሚሉ ወንፊት ሽቦና አንድ ጥሩ አካፋ ይገዛል።

በቆሎን እደጅ ድረስ መዝራት

ይህን ለጎጃም ሰው ብናገር ቅር እንደሚለው አውቃለሁ። በቆሎ እንጀራችን ነው፣ እሸቱም ከደጅ ተቆርጦ ሲጠበስ ነው የሚጥመው። ግን ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ1998 ቡሬ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ቡሬን ጨምሮ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች በቆሎና ወባ የሚገናኙበትን መንገድ አሳይተዋል። የበቆሎው አናት ላይ ያለው አበባ ዱቄቱን ሲያራግፍ ዱቄቱ አጠገቡ ባለ ኩሬ ላይ ይወርዳል። የወባዋ እጭ ያንን ዱቄት ትበላለች። ዱቄቱን ያገኘች እጭ ቶሎ ታድጋለች፣ ሳትሞት ክንፍ ለማውጣት የመብቃት ዕድሏም ይጨምራል፣ ስታድግም ትልቅ ትሆናለች። አበባው የሚያራግፈው ደግሞ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ ልክ ኩሬው በሚበዛበትና ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት።

በቆሎ አትዝሩ አላልኩም። ዱቄቱ አብዛኛው ከማሳው ብዙ ሳይርቅ ይወርዳል። ከቤት አጠገብ ያለውን ቦታ ለጎመን፣ ለድንች፣ ለቃሪያ አድርጉትና በቆሎውን ወደ ውጭ ግፉት። መሬቱ ጠባብ ከሆነ ደግሞ አበባው ማራገፍ ሲጀምር በዙሪያው ያለውን የኮቴ ጉድጓድና ውሃ የያዘ ቦታ ሁሉ እየዞራችሁ ድፈኑ። በዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት የምትሠሩት ሥራ የዓመቱን ያህል ዋጋ አለው።

የምርጊቱን ጉድጓድ መርሳት

ቤት ሲሠራ አፈር ከግቢው ይቆፈራል፣ ጭቃው እዚያው ይቦካል። ቤቱ ያልቃል፣ ይመረቃል፣ ጉድጓዱ ይቀራል። በሚቀጥለው ክረምት ውሃ ይሞላና ፀሐይ ሲያገኘው ለወባ ቢንቢ ከዚህ የተመቸ ቦታ አይገኝም። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ቆጥሬያለሁ፣ አንዱ ውስጥ ልጆች ዳክዬ ያዋኛሉ። ቤቱ ሳይመረቅ ጉድጓዱ ይደፈን። ቀዳዳቸው ወደ ላይ ሆኖ የተደረደሩ ብሎኬቶችም ውሃ ይይዛሉ፣ ገልብጧቸው። በቅጠል የተዘጋ አሸንዳም ላዩ ላይ ኩሬ እንደመሸከም ነው።

ግድግዳ ካነሣን አይቀር፣ የፀረ-ወባ ኬሚካል የተረጨ ቤትን ለእንቁጣጣሽ ብላችሁ በእበት ወይም በጭቃ አትለቅልቁት። ኬሚካሉ ለወራት የሚሠራው ግድግዳው ላይ ስላለ ነው፣ ከለቀለቃችሁት ቀበራችሁት ማለት ነው።

«እኛ ደጋ ነን» እና «ዝናቡ አልፏል»

አባቶቻችን ወባን ንዳድ እያሉ ቆላ ማደርን ይፈሩ ነበር፣ ደጋ ያለ ሰው ግን ዛሬም አይመለከተኝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን ከፍታ ቦታዎች የተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። ሰዉ ወባን ስላልለመደው ነው እንዲያ የበረታበት። ዝናቡ ማለፉም አያዘናጋ። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፣ ጎርፉ ጠርጎ መውሰዱን ሲያቆምና ውሃው በየጉድጓዱ ሲረጋ። መራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ ለምትጠቀሙ ደግሞ በጋም እረፍት የለም። ከቦይ አፈትልኮ ዳር ላይ የሚረጋው ውሃ ክትትል ይፈልጋል።

አንድ ቀን ዘምቶ መተው

ዘመቻ ሲጠራ ሁሉም አካፋ ይዞ ይወጣል፣ ከዚያ ወር ሙሉ የሚያይ የለም። ቢንቢዋ ግን ከ7 ቀን ጀምሮ ልትጨርስ ትችላለች። ስለዚህ የሳምንት አንድ ቀን ምረጡና አትሳቱት። ከጎረቤት ጋር ቀኑ አንድ ቢሆን ይበልጥ ጥሩ ነው፣ አጥር ቢንቢን አያግድም። ጎረቤትን ግን በወቀሳ አትጀምሩ። እናቴ ያደረገችው ለቡና የተሰበሰቡትን ሴቶች ብርጭቆውን ማሳየት ብቻ ነው፣ «እትዬ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ» ብላ። በሳምንቱ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎማዎች ከቦታቸው አልነበሩም።

እናቴ ግቢ ቀኑ አርብ ነው። ታናሽ ወንድሜ አሸንዳውን ይጠርጋል፣ እኔ በርሚሉን እፈትጋለሁ። እሷ ደግሞ የመጨረሻውን ውሃ በብርጭቆ ትቀዳና ወደ መስኮቱ ይዛው ትሄዳለች።